ሁለት ጣት እጅጌ

ዓርብ ጠዋት እትዬ ጥቁር ጨርቅ በብብታቸው ይዘው ወደ ስፌት ቤቴ ገቡ።

እትዬ የምላቸው የጤና ጣቢያችን አዋላጅ ናቸው። ብቸና ውስጥ በየመንገዱ የሚያልፈውን ወጣት ግማሹን የተቀበሉት እሳቸው ስለሆኑ፣ ሹፌሩም ባለሥልጣኑም ፊታቸው ሲቆም ልጅ ይሆናል። ቀልድ አያበዙም፣ ወሬ አይወዱም። እኔን ግን ይወዱኛል መሰለኝ፤ ቢያንስ ልብሳቸውን ከእኔ በቀር ለሌላ ሰፊ አይሰጡም።

«ቀሚስ ስፊልኝ። ነገ ማታ እወስደዋለሁ።»

«ለማን ነው?»

«ለአንዲት ዘመድ።»

«ልኳን ይዘዋል?»

እትዬ ከራሴ እስከ እግሬ በዓይናቸው ለኩኝ። ሜትር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ሰው ስለካ የምውለው እኔ ነኝ፤ ያን ዕለት ግን ተለኪዋ እኔ ሆንሁ።

«በአንቺ ልክ አድርጊው» አሉ። «እጅጌው ብቻ ሁለት ጣት ይርዘም።»

«ሁለት ጣት» ብዬ በጠመኔ ጨርቁ ጥግ ላይ ጻፍሁ። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም፤ ፊደል የለየሁት ስኳርና ጨው ከተጠቀለለበት ወረቀት ላይ ነው። ስለዚህ መጻፍ የምችለውን ሁሉ እጽፋለሁ፤ ሁለት ጣትም ቢሆን።

እትዬ ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆም አሉ። «ደግሞ እሁድ ጮቄ እንወጣለን። ፏፏቴውንም ሐይቁንም አይተን እንመለሳለን። ተከራይሽ ነርሷም አብራን ናት፤ ከሞጣ ጓደኛዋን መምህሯን እንይዛለን። እምቢ እንዳትዪ።»

ልቤ መጠርጠር የጀመረው እዚህ ላይ ነው። እትዬ ውሃ ለማየት ተራራ የሚወጡ ሰው አይደሉም። ባለፈው ዓመት የጤና ጣቢያው ሠራተኞች ለሽርሽር ሲሄዱ «ውሃ ለማየት ከሆነ ቤቴ ቧንቧ አለ፤ እሱም ብቅ የሚለው አንዳንዴ ነውና እሱኑ ቁጭ ብዬ ላድንቅ» ብለው ቀርተዋል። ዛሬ ምን ተገኘ? ጥቁር ጨርቅና ፏፏቴ በአንድ ጠዋት፣ ከአንድ አፍ እንዴት ይወጣል?

ያን ጊዜ ታናሽ ወንድሜ መተማ ነበር። ከመስከረም ጀምሮ ለሰሊጥ አጨዳ ወርዷል። በየዓመቱ ይሄዳል፤ በየዓመቱም ከስቶና ጠቁሮ፣ ለእኔ ሽቶ ይዞ ይመለሳል። ዘንድሮ ግን ስልኩ ሦስት ሳምንት ዝም ብሏል። ስደውል ሴትዮዋ «የደወሉላቸው ደንበኛ» ትለኛለች፤ ከእሷ ጋር ተዋውቀናል። ከእናት ከአባት የቀረኝ እሱ ብቻ ነው።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ደግሞ አውቃለሁ። ሰውየውን ለብቻው አይተዉትም። ስልኩን ያርቁበታል። ምንም እንዳልሆነ እየሳቁ ይይዙታል፤ ከዚያ በኋላ ስንት ቀን እህል እንደማይገባለት ስለሚያውቁ አስቀድመው ያበሉታል። ጎህ ሲቀድ በሩን ያንኳኳሉ። አንድ ጊዜ እኔም ከመርዶ አርጂዎቹ ጋር እንድሄድ ተጠርቼ ነበር። ማለዳ ስወጣ ባለ መርዶዋን ቧንቧ ሥር ጀሪካን ይዛ አገኘኋት፤ «እንዴት አደርሽ» ስትለኝ አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስሁ። ሌሎቹ ሲደርሱ ነገሩ አልቋል። ከዚያ ወዲህ መርዶ ሲኖር እኔን የሚቀሰቅሰኝ የለም። ወሬ አዋቂ ነች፣ ወግ አዋቂ ነች ይሉኛል፤ ምሥጢር አዋቂ ነች ያለኝ ግን እስካሁን አልሰማሁም።

ማታ ነርሷ ከሥራ ገባች። ነርሷ ከግቢዬ አንዲቱን ክፍል ተከራይታ አምስት ዓመት ኖራለች። አገሯ ከአርባ ምንጭም ወዲያ ነው። ስትመጣ ብርዱን ፈርታ በኅዳር አልጋ ላይ በካልሲ የምትቀመጥ ልጅ ነበረች። እኔ ቤተ ክርስቲያን ስስም እሷ መዝሙሯን በጆሮ ማዳመጫ ትሰማለች፤ በጾም ቀን እኔን ላለማስጎምጀት በሯን ዘግታ እንቁላል ትጠብሳለች፤ ሽታው ግን በር አያውቅም። የሰፈር ልጆች ሲጠሩኝ ሰምታ እታለም ትለኛለች። እኔም እህት ስላልነበረኝ አልከለከልኋትም።

«እታለም፣ እትዬ ዛሬ ምን እንዳደረጉ ታውቂያለሽ?» አለችኝ እየሳቀች። «ስልኬን ሊያሠሩልኝ ወሰዱት። ስድስት ወር መስታወቱ ተሰንጥቆ ሲያዩት ኖረው ዛሬ አሳዘንኋቸው።»

አብሬያት ሳቅሁ። ሐሳቤ ግን መተማ ነበር።

ቅዳሜ ቀሚሱን ሰፋሁ። ማሽኑ ሲያለቅስ የሚውል ይመስለኝ ነበር፤ ዘይት ቀባሁት፣ አልተወም። ጨርሼ ስነሳ እንደ ልማዴ ልለካው አሰብሁ። በእኔ ልክ ነው ተብሏል፤ ስለዚህ ለበስሁት። ትከሻው ልክ፣ ወገቡ ልክ፣ ቁመቱ ልክ። እጅጌው ብቻ ወደ መዳፌ ወርዶ የአውራ ጣቴን ሥር ሸፈነ። መስታወት ፊት ቆሜ ጥቁር የለበሰች አንዲት ሴት አየሁ። ፊቷ የእኔ ነው። ቶሎ አወለቅሁት፤ ሳወልቀው አንድ ቁልፍ ተበጠሰ፣ መልሼ ተከልሁት።

እትዬ ሊወስዱት ሲመጡ «ለዘመድዎ ይበቃታል?» አልኋቸው።

«ይበቃታል።»

«ዘመድዎ የት ነው ያለችው?»

«ቅርብ ናት» አሉና ቀሚሱን ወደ ውስጥ አጥፈው ሄዱ።

እሁድ ማለዳ የተከራየነው አባዱላ በሬ ላይ ጥሩንባ ነፋ። እትዬ ከፊት ተቀምጠዋል። ገና ሳንንቀሳቀስ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል አወጡ። «ብሉ እንጂ» አሉ። ሁላችንንም ነው ያሉት፤ እኔ ግን «ብዪ እንጂ» ሆኖ ተሰማኝ። ነርሷ ሁለት እንቁላል በላች። እኔ አንዱን ይዤ እስከ ከተማው መውጫ በእጄ አሞቅሁት።

«ስልካችሁን ወዲህ በሉ» አሉ እትዬ፣ ቦርሳቸውን ከፍተው። «ሽርሽር ማለት ሰው ከሰው ሲያወራ ነው። ለፎቶው የሹፌሩ ይበቃል።»

«ወንድሜ ቢደውልስ?» አልሁ።

እትዬ ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ተራራው ላይ ኔትወርክ የለም።»

«ኔትወርክ ከሌለ ታዲያ ለምን ይሰበሰባል?»

ነርሷ ከት ብላ ሳቀች። «እታለም እንደ ዓቃቤ ሕግ ናት ዛሬ» አለች። እትዬ አልሳቁም። ስልኬን ሰጠሁ። የነርሷ ስልክ ጥገና ላይ ስለሆነ የምትሰጠው አልነበራትም፤ ይህም አላስደነቀኝም።

የሚያስደንቀኝ ሌላ ነበር። ጮቄ ከጓሮዬ ይታያል። ጠዋት ጠዋት ጉም ሲገልጥለት ልብስ የማሰጣበት ገመድ ላይ የተሰቀለ ይመስላል። ታዲያ በሞጣ ዞረን የምንሄደው ለምንድን ነው? መምህሯን ለመያዝ፣ አሉኝ። መምህሯ የነርሷ አገር ልጅ ናት፣ ሞጣ ታስተምራለች፤ በበዓል በበዓል እኛ ቤት ትመጣለች። ደህና ልጅ ናት። ግን አንዲትን ደህና ልጅ ለመያዝ ይህን ያህል መንገድ ይኬዳል? እኔ ደግሞ አንድ ነገር አውቃለሁ፤ ከመተማ የሚመጣ ወሬ በባሕር ዳር አድርጎ ሞጣን ሳይረግጥ ብቸና አይገባም።

ሞጣ ስንደርስ መምህሯ መንገድ ዳር ቆማ ትጠብቀን ነበር። ነርሷን አቅፋ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀቻትም። ቀጥሎ እኔን አቀፈችኝ። ዓይኗ ቀልቷል።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ጉንፋን ነው እታለም።»

በጥቅምት ጉንፋን ይኖራል፤ እሺ። ግን አፍንጫዋ ደረቅ ነበር።

እዚያም እንድንበላ ተደረገ። ፍርፍር ታዘዘ። ነርሷ «እትዬ ዛሬ ሊያደልቡን ነው፤ ወይ ሊሸጡን ነው» እያለች በላች። እኔ እጄን ልታጠብ ተነስቼ በጓሮ በኩል ስዞር፣ እትዬና መምህሯ ከመኪናው ጀርባ ቆመዋል። ሹክሹክታ ነው። የሰማሁት ሁለት ቃል ብቻ ነው።

«... ወንድሟ ... ነገ ...» አለች መምህሯ።

«ዝም በይ» አሉ እትዬ።

ውሃው በጣቶቼ መካከል ሲፈስ ዝም ብዬ አየሁት። ወንድሟ። እኔ ከአንድ ወንድም ሌላ የለኝም። ነገ ጠዋት በሬ ይንኳኳል ማለት ነው። የተሰፋልኝን ጥቁር ቀሚስ ራሴ ሰፍቼዋለሁ፤ ቁልፉን ሁለት ጊዜ ተክያለሁ።

ለምን ፊት ለፊት አልጠየቅኋቸውም? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ከጠየቅሁ ይነግሩኛል፤ ከነገሩኝ ይሞታል። ዝም እስካልሁ ድረስ ወንድሜ መተማ ላይ ማጭድ ይዞ ቆሟል። ወጥመድ ማጥመድ ግን አልከለከልሁም። መኪናው ዳገቱን ሲጀምር ወደ ፊት ጎንበስ ብዬ ለእትዬ «ለካ አልነገርኋችሁም፤ ትናንት ወንድሜ ደወለልኝ» አልኋቸው። ውሸት ነው።

እትዬ ዞር ብለው ፊታቸው ሁሉ በራ። «እሰይ፣ ተመስገን። ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

የሞተ ሰው ደወለ ብላቸው ይደነግጡ ነበር፤ አልደነገጡም። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ልቡ ያርፍ ነበር። የእኔ አላረፈም። አዋላጅ ናቸው፣ አልሁ ለራሴ። ልጁ አንገቱ ላይ እትብት ተጠምጥሞ ሲወጣ እንኳ እናቲቱን «አይዞሽ፣ ደርሷል» እያለ የኖረ ፊት ነው። ይህ ፊት ለእኔ ይሸነፋል?

ከባሕር ዛፉ በላይ የገብስና የድንች ማሳ፣ ከማሳው በላይ የአስታ ቁጥቋጦ፣ ከአስታው በላይ የጓሳ ሣርና የጅብራ ተክል ነው። ጅብራዎቹ ለየብቻቸው ቆመው ከሩቅ ሰው ይመስላሉ፤ እኔ ደግሞ ያን ቀን ሁሉም ነጠላ ያዘቀዘቁ መሰሉኝ። ፓርክ ነው ከተባለ ወዲህ መግቢያው ላይ ጥበቃ ይቆማል። ጥበቃው ጋቢ የደረበ ሽማግሌ ነበር። በመስኮት አንገቱን አስገብቶ አራታችንንም አየን።

«ሽርሽር ነው?»

«ሽርሽር ነው» አሉ እትዬ።

«ሽርሽር የሚመጣ ሰው ከታች ጀምሮ ዘፈኑ ይሰማል። እናንተ እኮ ለቅሶ ደራሽ ትመስላላችሁ።»

«አንተ መግቢያህን ጠብቅ» አሉት እትዬ፤ እንዲህ ሲቆጡ የሰማሁት ምጥ ላይ የሚጮህ ባል ሲያባርሩ ነው። መምህሯ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሽማግሌው እጁን አንስቶ «እለፉ፣ እለፉ» እያለ ሰንሰለቱን ለቀቀልን። ይህ ሰው እንኳ አውቋል፣ አልሁ በልቤ።

መኪናውን ትተን በእግር ወረድን። ፏፏቴው ከመታየቱ በፊት ይሰማል። ክረምቱ ገና ስላለፈ ውሃው ሙሉ ነበር፤ ከጥቁሩ ዓለት ላይ ተወርውሮ መሐል ላይ አንድ ጉብታ ይመታና ለሁለት ይከፈላል፤ አንደኛው ክር እንደ ድር ይበተናል፣ ሌላው ጠቅልሎ ይወርዳል። ከሥሩ ድንጋዩ ሁሉ አረንጓዴ ሽበት አብቅሏል። ነርሷ ጫማዋን አውልቃ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገባች፤ ብርዱ ሲነክሳት በራሷ ቋንቋ አንድ ነገር ጮኸች፤ መምህሯ ብቻ ስለገባት ፈገግ ለማለት ሞከረች።

«እታለም፣ አባቴ ይህን ቢያይ» አለች ነርሷ። «በስልክ ስነግረው ‹ውሃ ከሰማይ አይወርድም፣ ትዋሻለሽ› ይለኛል። ለገና እሄዳለሁ፤ ጋቢውን አለብሰዋለሁ፤ በፋሲካ ይዤው እመጣለሁ። ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ እንደሁ እዚህ የሚከለክለው የለም፤ ዘበኛውም ዘመዱ ይመስለዋል።»

ጋቢውን አውቀዋለሁ። ብቸና ሸማኔ ዘንድ ያሠራነው፣ የተመረጠ ነው። ሁለቱን ክንፍ አጋጥሜ እንድሰፋላት ክፍሏ ውስጥ አስቀምጣዋለች።

መምህሯ ድንገት ፊቷን አዙራ ወደ ዳገቱ ሄደች። እትዬ «ተያት፣ ሽንቷ መጥቶ ነው» አሉ። እኔ ግን እንዲህ ተረጎምሁት፦ ነርሷ ስለ ቤተሰብ ስታወራ፣ የእኔ ነገር መምህሯን አስለቀሳት። ሁሉን ነገር ወደ ራሴ የሚያመጣ አንድ ገመድ ነበረኝ፤ ማንም ምንም ቢል እሱን ስቤ እጎትተዋለሁ።

ሐይቁ ከፏፏቴው አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ሐይቅ ይበሉት እንጂ በተራሮች መካከል የተረሳ ውሃ ነው፤ ዙሪያውን ጓሳ ከቦታል፤ አንድ ጥንድ ዳክዬ ተንሳፍፎበታል። ስንደርስ ጉሙ ወረደ። ብርዱ አጥንት ይገባል። ነርሷ ስስ ሹራብ ብቻ ለብሳ ስለነበር ትንቀጠቀጥ ጀመር። ኮቴን አውልቄ አለበስኋት። ለራሴ የሰፋሁት ወፍራም ኮት ነው።

ዳር ላይ ተንበርክካ እጇን ወደ ውሃው ዘረጋች። እጅጌው ወደ ኋላ ሸሸ። ከእጅጌው ጫፍ እስከ መዳፏ ድረስ ባዶ ቆዳ ነበር።

«ኮትሽ ሁልጊዜ ይሄ ነው ችግሩ» አለች ሳትዞር። «ሌላው ሁሉ ልኬ ነው፤ እጅጌው ብቻ አይደርሰኝም።»

ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥሁ። ባዶው ቆዳ ላይ ጣቶቼን አስቀመጥሁ። አንድ። ሁለት።

«ምን ትለኪያለሽ?» አለች።

«ብርዱን» አልኋት።

በዚያች ደቂቃ የሆነውን ሳልጽፍ ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር። መጀመሪያ የመጣልኝ ደስታ ነው። ወንድሜ አለ፤ ወንድሜ አልሞተም፤ ሰሊጥ ያጭዳል። ደረቴ ተከፍቶ አየር ገባ። ሁለተኛ የመጣልኝ እጄ ያለበት ቦታ ነው፤ እጄ የሞቀ አንጓ ላይ ነበር፣ አንጓውም የአባቷን ጋቢ ስፊልኝ ያለችኝ ልጅ አንጓ ነበር። «ወንድሟ» የእሷ ወንድም ነው። የተወሰደው ስልክ የእሷ ስልክ ነው። «ብሉ እንጂ» የተባለው ለእሷ ነው። መምህሯ ፊቷን ያዞረችው የነርሷ አባት ሲነሳ ነው። ያ ሁሉ ነገር ፊቷ ላይ ሲደረግ እኔ መሐል ገብቼ ጋርጄው ነበር።

እትዬ ከድንጋይ ጀርባ ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ ደረስሁባቸው።

«ቀሚሱ የእሷ ነው» አልሁ።

አንድ ጊዜ ብቻ አዩኝ። «ቀስ በይ።»

«አባቷ ናቸው?»

«ሐሙስ ማታ። ለመምህሯ ነው የደወሉላት። ወንድሟ መንገድ ላይ ነው፤ ሳልደርስ እንዳትነግሯት ብሏል። ዛሬ ማታ እኔ ቤት ያርፋል፣ ነገ ጎህ ሲቀድ አብረን እንመጣለን። ስልክ የማይሰማበት ቦታ ሌላ የት ልውሰዳት?»

«እኔ የራሴን ወንድም ከጠዋት ጀምሮ ስቀብር ዋልሁ።»

እትዬ ነጠላቸውን ለቀቁ። ቀጥሎ ፊታቸው ላይ ያላየሁት ነገር መጣ፤ ማፈር ነው መሰለኝ። «ያንቺስ አልታየኝም» አሉ። «ደወለልኝ ስትዪ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።»

«ውሸቴን ነው።»

«እሱንም አሁን ገባኝ።»

«ለምን አልነገራችሁኝም? አንድ ግቢ እኮ ነው የምንኖረው።»

«አንድ ግቢ ስለምትኖሩ ነው» አሉ እትዬ። «አንቺ ነገር ሲገባሽ በአፍሽ፣ አፍሽን ብትይዢ በዓይንሽ ይወጣል። ቧንቧው ሥር የሆነውን ረሳሽው? አሁን ግን ዐውቀሻል። እስከ ነገ ጎህ ትችያለሽ?»

«ካልቻልሁስ?»

«ካልቻልሽ ወንድሟ ሳይደርስ፣ ከዘመድ አንድ ሰው በሌለበት፣ ሹፌር ፊት ትሰማለች። ሁለት ቀን ሙሉ በአውቶቡስ የመጣው ልጅ ደግሞ ለባዶ ይደርሳል።»

ከሐይቁ ዳር ነርሷ ጠራችን። «እናንተ ምን ትማከራላችሁ? ልትሸጡኝ ነው አይደል?»

«ዋጋ አልተስማማንም» አልኋት። ሳቀች። ለእሷ ብዬ የዋሸሁት የመጀመሪያው ውሸት ይህ ነበር፤ ከሌሎቹ ይልቅ ቀለለኝ።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ መምህሯ መናገር አልቻለችም፤ እትዬ ደግሞ ዱሮም አይናገሩም። ዝምታው ሲወፍር ነርሷ ከአንዳችን ወደ አንዳችን ማየት ጀመረች። ያን አየሁ። የጥርጣሬ ዓይን እንዴት እንደሚዞር ከጠዋት ጀምሮ ስለማመደው ውያለሁና። ስለዚህ አወራሁ። ወሬ ለእኔ ደስታ ነው፤ ያን ቀን ግን እንደ ሸክም ተሸከምሁት። ስለ አንዲት ሙሽራ ቬሎ አወራሁ፤ ለሙሽራዋ ሰፍቼ በሠርጉ ዋዜማ ሚዜዋ እንደለበሰችው። ፊደል ስማር «ጨው» የሚለውን ቃል አይቼ ጨው ብሎ የማይጀምር ወረቀት ሁሉ ውሸት ነው ብዬ እንደነበር አወራሁ። ሹፌሩ ሳይቀር ሳቀ። ነርሷ ትከሻዬ ላይ ራሷን ጥላ ሳቀች፤ የምትስቀውን ሰውነቷን በትከሻዬ እየሰማሁ፣ ብቸና እስክንደርስ አንድ ጊዜ እንኳ ዝም አላልሁም።

ቤት እንደገባን እትዬ በዓይናቸው አስጠንቅቀውኝ ሄዱ። ገና አልመሸም። ነርሷ ኮቴን ልትመልስልኝ መጣች፤ በሌላ እጇ ጋቢውን ይዛለች።

«እታለም፣ ከደከመሽ ነገ ይሁን። ክንፉን ብትሰፊልኝ ብዬ ነው።»

ነገ ይሁን ማለት አልቻልሁም። ተቀመጥሁና በእጄ እሰፋው ጀመር። እሷ ትንሿ ወንበር ላይ ተቀምጣ አየችኝ።

«ዛሬ ቀኑን ሙሉ ፈርተሽ ነበር» አለች። «አይቼሻለሁ። ወንድምሽ ነው አይደል? ደወለ ያልሽው ውሸት ነው።»

መርፌዋ ቆመች።

«ውሸት ነው» አልሁ።

«ይደውላል» አለችኝ። ጉልበቴን ይዛ እንደ በሽተኛ አባበለችኝ። «መጥፎ ወሬ ቢሆን እስካሁን ይሰማ ነበር። መጥፎ ወሬ አይዘገይም፣ እታለም። አይዞሽ።»

አለቀስሁ። ለወንድሜ እንደሆነ አሰበች፤ እኔም ተውኋት። እሷ አጽናናችኝ፣ እኔ የአባቷን ጋቢ ሰፋሁ። ያ ሁሉ እንባ ጥጡ ላይ ሲያርፍ በጣቴ አደረቅሁት።

ጎህ ሲቀድ የውጭው በር ተንኳኳ። እትዬ፣ መምህሯ፣ የጤና ጣቢያው ሰዎች፣ ጎረቤቶቼ፣ ከፊታቸው አቧራ የለበሰ፣ ነርሷን የሚመስል ረጅም ልጅ። እኔ ቀድሜ ተነስቼ ክፍሏ ደጃፍ ላይ ቆሜ ነበር። በሯን ከፍታ ሰዉን አየች። ወንድሟን አየች። ቀጥላ እኔን አየችኝ፣ ከወንድሟ ይልቅ እኔን ረዘም አድርጋ። ማንም ምንም ሳይላት ጮኸች።

ቀሚሱን ያለበስናት እትዬና እኔ ነን። እጅጌው ልክ አንጓዋ ላይ አረፈ። በለቅሶዋ መሐል እጅጌውን ተመለከተች፤ እኔ የምተክለውን ቁልፍ ታውቀዋለች።

«ታውቂ ነበር?» አለችኝ።

«ከሐይቁ ጀምሮ።»

ሌላ አልጠየቀችኝም። በዚያው ቀን ከወንድሟ ጋር ሄደች፤ ጋቢውን በፌስታል አድርጌ ወንድሟ እጅ ሰጠሁት። አሁን እናቷ ትለብሰዋለች ብላኛለች።

የእኔ ወንድም ከአሥር ቀን በኋላ ደወለ። ስልኩ ውሃ ገብቶበት ነው። ሰደብሁት፤ ምን እንዳደረገ እስከ ዛሬ አልገባውም።

ነርሷ ከአርባው በኋላ ተመለሰች። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሰላምታ ብቻ ነበርን፤ ቀስ በቀስ ወደ ቤቴ መግባት ጀመረች። ልትቆጣኝ እየፈለገች አልቻለችም መሰለኝ፣ ወይም ተቆጥታ ጨርሳ ይሆናል። አንድ ነገር ግን ቀርቷል። ገበታ ቀርበን «ብዪ እንጂ» ካልኋት፣ ጉርሻዋን መልሳ ሳህኑ ላይ ታስቀምጥና ዓይኔን ታየኛለች።

«ምን ሰምተሽ ነው?» ትለኛለች።

«ምንም አልሰማሁም። ብዪ።»

«እዪ እስቲ ወደ እኔ።»

አያታለሁ። ጊዜ ወስዳ ፊቴን ታነበዋለች፣ እኔ በዚያ የስኳር ወረቀት ላይ ፊደል እለይ እንደነበረው። ምንም እንደሌለ ስታረጋግጥ ነው ጉርሻዋን የምታነሳው። እኔም እስክትውጥ ድረስ ዓይኔን አልሰብርም።